«አንድ መፍቻ እኮ ነው» ስለተባልኩበት ጉዳይ የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በካድ ሶፍትዌራችሁ (በኮምፒውተር ዕቃ መንደፊያ) የሠራሁት፣ ተጠግኖ ይመለሳል ተብሎ ስለተበላሸው የመፍቻ ንድፍ ፋይል

ጤና ይስጥልኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አልተርክም። 9 ጊዜ ጽፌላችኋለሁ፤ ሁሉም እናንተው ዘንድ አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰኞ ዕለት የላካችሁልኝን ፋይል ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው። አይቼው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከስልኩ ልጀምር። ማክሰኞ ዕለት ደወልኩ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሲዘፈንልኝ ቆይቶ አንድ ሠራተኛችሁ አነሳ። በትሕትና ነው ያናገርኩት። የ13 ሚሊ ሜትር መፍቻ እየነደፍኩ መሆኔን፣ የሶፍትዌራችሁን አፕዴት ከጫንኩ ወዲህ የጠርዙ ፊሌት፣ ማለትም ሹሉን ጠርዝ ክብ የሚያደርገው ትእዛዝ፣ አልሠራ እንዳለኝ ነገርኩት። «ራዲየሱን ይቀንሱት» አለኝ። ራዲየሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው አልኩት። የመፍቻው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ 1.5፣ ከታች 1.5 ቢነሳለት መሃሉ ላይ ሙሉ 3 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ስለዚህ ቦታ ጠቦት አይደለም። ደግሞም ይኸው ፋይል፣ በእነዚሁ ቁጥሮች፣ ከአፕዴቱ በፊት ያለ አንዳች ችግር ይሠራ ነበር። እጀታው ከመፍቻው ራስ ጋር የሚገናኝበት ቅስት 20 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱም በኩል ታንጀንት መሆኑን (ያለ ስብራት ለስልሶ መገናኘቱን) 3 ጊዜ ፈትሻለሁ። ስኬቹንም (መነሻ ሥዕሉን) ሰርዤ ከባዶ ደግሜ ስዬዋለሁ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳሁት።

ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «አይ እርስዎ ደግሞ! አንድ መፍቻ እኮ ነው። ፊሌቱን ይተዉትና ይቀጥሉ።» ከኋላው የሰው ሳቅ ይሰማኝ ነበር።

ይቺ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔ መፍቻ ነው የምሠራው፤ እንጀራዬ ነው። ፊሌቱንም ለጌጥ አላደረግኩትም። መፍቻ ሲሰበር የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ከአፉ ሥር ነው። ሰው እጀታውን ሲጫነው ኃይሉ ሄዶ ሄዶ እዚያ ጥግ ላይ ይከማቻል። ጥጉ ሹል ከሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ክብ ከሆነ ግን ጫናው ይበተናል። የውጭው ጠርዝም እንደዚያው ነው። መፍቻው ግሎ የሚቀጠቀጥ ነው፤ ብረቱ ሹል የሆነው የዳዩ (የቅርጽ ማውጫው) ጥግ ውስጥ በደንብ አይሞላም፤ ዳዩም ራሱ ከዚያው ጥግ ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ ሹል ጠርዝ ያለው መፍቻ ቀኑን ሙሉ የሚይዘውን ሰው መዳፍ ይልጠዋል። ካድ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ሠራተኛ ይህን ሊያውቅ ይገባል። ባያውቅ ደግሞ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር።

ቅር እንዳለኝ ሲገባው ድምፁን አለዘበ። «ፋይሉን ይላኩልን፤ ሐሙስ ጠዋት ተስተካክሎ፣ ሂስትሪው እንዳለ፣ እጅዎ ይገባል» አለኝ። ሂስትሪው፣ ማለትም ንድፉ የተሠራባቸው እርምጃዎች ዝርዝር፣ እንዳለ ነው ወይ ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት። «ቃሌ ነው» አለኝ። እኔም ያለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ፦ «ሐሙስ ጠዋት። ሂስትሪው እንዳለ።»

አምኜው ነበር። ዳዩን ለሚሠራልኝ ሰው ዓርብ ፋይሉን እሰጥሃለሁ ብዬ ተራ ያዝኩ።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የመጣ ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ጻፍኩላችሁ፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ወዲያው መጣ፤ ከማሽን ነው። ዓርብም እንደዚያው ሆነ። ቅዳሜ በመጨረሻ ሰው ጻፈልኝ። ምን ብሎ? የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሬን ቨርዥን ጠየቀኝ። ይህን ስትጠይቁኝ 4ኛ ጊዜያችሁ ነው። ለ4ኛ ጊዜ መለስኩ። ዳይ ሠሪው ጠብቆኝ ጠብቆኝ ተራዬን ለሌላ ሰጠው። አልፈርድበትም፤ እሱ ቃሉን ጠብቋል። እኔን ነው ቃል አባይ ያስመሰላችሁኝ።

ከዚያ ከሐሙሱ 11 ቀን ዘግይቶ፣ ሰኞ ዕለት፣ ፋይሉ መጣ።

ከፈትኩት። በስተግራ ያለው ዝርዝር ውስጥ 27 ፊቸሮች (የንድፉ እርምጃዎች) ነበሩኝ፤ እያንዳንዱን ስም ሰጥቼው ነበር። አሁን ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሂስትሪ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቁጥር ልቀይር ብል የምነካው የለኝም። ፊሌቶቹንም አነሳችኋቸው፤ የጠርዙንም፣ የአፉ ሥር ያለውንም። ያልሠራውን ነገር ማጥፋት ጥገና አይባልም።

የባሰው ግን ይህ ነው፦ አፉ ቀጥ ብሏል። እኔ አፉን ከእጀታው 15 ዲግሪ አዘንብዬዋለሁ። ጎሚስታም ሆነ ጋራዥ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው መፍቻ አንስቶ ቢያይ ይህን ዝንባሌ ያየዋል። ምክንያት አለው። ባለ 6 ጎን ዳዶ በየ60 ዲግሪው ነው ራሱን የሚደግመው። አፉ ቀጥ ካለ፣ መፍቻውን አውጥቼ መልሼ ለማስገባት እጀታውን 60 ዲግሪ ማዞር አለብኝ። ሞተር ሥር ያን ያህል ቦታ አይገኝም። አፉ 15 ዲግሪ ከዘነበለ ግን መፍቻውን እየገለበጥኩ በ30 ዲግሪ እሠራለሁ። ይህ ማዕዘን በራሱ አይጠፋም። የጠፋው ፋይሉን ሳትጠግኑ፣ ምስሉን አይታችሁ ሌላ መፍቻ በጥድፊያ ስለሳላችሁ ነው። ይህን ብትክዱኝ ክብደቱን ተመልከቱ። የእኔ ፋይል ውስጥ ማቴሪያሉ ብረት ነው፤ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.85 ግራም። መፍቻው ወደ 110 ግራም ይመዝናል። የላካችሁልኝ 14 ግራም ይላል። ማቴሪያል ሳይሰጠው ሶፍትዌራችሁ በውሃ ክብደት አስልቶታል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ቲኬቱ (የቅሬታዬ መዝገብ) ላይ «ተፈትቷል» ብላችሁ ዘጋችሁት። በዚያው ቀን ለአገልግሎታችሁ ስንት ኮከብ እንደምሰጥ የሚጠይቅ ኢሜይል ደረሰኝ።

ነገሩ ከተነሳ ያለፉትንም ልንገራችሁ፤ እስካሁን እያለፍኳቸው ነበር። አፕዴቱ ሳይጠይቀኝ ሚሊ ሜትሩን ወደ ኢንች ቀይሮታል። የአፉ ስፋት 13.1 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዳዶው እንዲገባ ከ13 ትንሽ መስፋት አለበት። ድሮዊንጉ ላይ 0.52 ኢንች ተብሎ ወጣ። ያ ደግሞ ሲመለስ 13.2 ነው። ሳላየው ወደ ሥራ ቢሄድ ኖሮ ልል የሆነ፣ የብሎን ራስ የሚበላ መፍቻ ይወጣ ነበር። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ላይሰንሴ «አልተረጋገጠም» ብሎ ያስወጣኛል። በአዲሱ ቨርዥን የተቀመጠ ፋይል በድሮው አይከፈትም፤ ይህን ያወቅኩት ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ስልክ ስደውል በየጊዜው ሌላ ሰው ያነሳል፤ ሁሉም ታሪኩን ከሀ ጀምረው ይጠይቁኛል። ደጅ ስታስጠኑኝ ከረማችሁ።

አሁን የምጠይቀው ይህንን ነው። ቲኬቱ ዛሬውኑ ይከፈት። የመጀመሪያው ፋይሌ ሂስትሪው እንዳለ፣ ፊሌቱ ሠርቶ ይመለስልኝ። ያ የማይቻል ከሆነ የድሮውን ቨርዥን መጫኛ ስጡኝ፤ በአዲሱ ያስቀመጥኩትንም እዚያ እንዲከፈት አድርጉልኝ። ችግሩ የአፕዴቱ ከሆነ ደግሞ፣ ነው ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ፤ እኔ ብቻ ልሆን አልችልም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ግን ፋይሉ ብቻ እንደማይበቃኝ ገባኝ። አፕዴቱ ከተጫነ ጀምሮ ያለው የደንበኝነት ክፍያዬ ይመለስልኝ፤ ያልሠራሁበትን ጊዜ አልከፍልም። «አንድ መፍቻ እኮ ነው» ያለኝ ሠራተኛ ወይም አለቃው ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ። እንዲቀጣ አልፈልግም። ግን ሥራዬን እንዳቃለለብኝ ይወቀው።

በ7 ቀን ውስጥ ከማሽን ሳይሆን ከሰው፣ ስሙን ጽፎ፣ መልስ ካልመጣልኝ ውሌን አቋርጣለሁ፤ የቀረውንም ክፍያ እንድትመልሱ በሕግ እጠይቃለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ሌሎች 3 ሰዎችም የእናንተው ደንበኞች ናቸው፤ እነሱም ውጤቱን እየጠበቁ ነው።

የእኔንም፣ የላካችሁልኝንም ፋይል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። እባካችሁ ጎን ለጎን ክፈቷቸው፤ አፋቸውን ተመልከቱ።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ