የኢነርጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ለጎጃም የትኛው ኃይል ያዋጣል?

የዘንድሮ ጥያቄያችን ከዋናው መስመር ለራቁ የጎጃም ቀበሌዎች የትኛው የኃይል ምንጭ ያዋጣል የሚል ነበር። ተማሪዎቹ ስሌቱን የጀመሩት ከምጣዱ ነው። አምፖልና ስልክ ጥቂት ዋት ይበቃቸዋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ወደ 3.5 ኪሎዋት ይፈልጋል። ምጣዱን ያልቆጠረ ዕቅድ ማገዶውን አይተካም።

ባለ 100 ዋት ሶላር ፓኔል በበጋ በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ብክነቱ ሲቀነስ 375 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ 3,500 ዋት ሰዓት ለሚፈጀው የአንድ ሰዓት ጋገራ 10 ፓኔል ያስፈልጋል። ማታ ከተጋገረ ደግሞ የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በላይ ሲራገፍ ቶሎ ስለሚሞት፣ በ12 ቮልት 600 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይጠይቃል። ቀን መጋገር ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ምርቱን ይቀንሰዋል።

ያኔ ግን የጮቄ ወንዞች ይሞላሉ። ፍሰት ለመለካት በ10 ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ሎሚ አንሳፍፎ ሰዓት መያዝ ይበቃል፤ የላዩ ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ፍጥነቱ በ0.85 ይባዛል፤ ከዚያም በወንዙ ስፋትና አማካይ ጥልቀት። በሴኮንድ 50 ሊትር ውኃ ከ20 ሜትር ቢወርድ፣ በ60 በመቶ ብቃት 6 ኪሎዋት አካባቢ ይገኛል፤ አንድ ምጣድና የብዙ ቤት መብራት ማለት ነው። ልኬቱ በሚያዝያ መሆን አለበት። በጥቅምት ፍሰት የተሠራ ተርባይን በበጋው መጨረሻ ይቆማል። የክረምቱ ደለልም የተርባይኑን ምላጭ ስለሚበላ፣ ውኃው ቧንቧ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት ማጥለያ ገንዳ ግድ ነው። ብዙ ጊዜ ለገንዘብ ሲባል የሚቀረው ይኸው ገንዳ መሆኑ ያሳዝናል።

ክርክሩ የጋለው በኑክሌር ላይ ነበር። ደጋፊዎቹ ትክክል ናቸው፤ ማብላያው ክረምት ከበጋ ሳይል ያመነጫል፣ ጭስም የለውም። ነገር ግን ከሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ባለ 1,000 ሜጋዋት ማብላያ በማቀዝቀዣ ማማ በሴኮንድ ከግማሽ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ያተናል። የደቡብ አፍሪካው የኑክሌር ማመንጫ ኩበርግ የሚቀዘቅዘው በባሕር ውኃ ነው፤ እዚህ ግን ጣና ወይም ዓባይ ሊነካ ነው። በተጨማሪም አንድ ማመንጫ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ አቅም ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ድንገት ቢቆም መረቡን ይዞት ይወድቃልና። ስለዚህ ኑክሌር በአገር ደረጃ የሚመዘን ነው። መስመር ያልደረሰው ቀበሌ የበለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋዋት ቢያመነጭም አይበራለትም።

የክበቡ ምርጫ ለክረምት አነስተኛ የውኃ ተርባይን፣ ለበጋ ሶላር፣ ምጣዱ ደግሞ በቤቶች መካከል በተራ የሚበራበት የጋራ መረብ ነው። ለመጪው ዓመት የወንዙን ከፍታ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ቡድን ተመድቧል፤ ምዝገባው በክረምት ዕረፍትም አይቋረጥም።