የሰናፍጭ ውሃ ጎመኑን አያድነውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ጥቅል ጎመን እንዳይበሰብስ የሰናፍጭ ውሃ መርጨትን መምከራችሁ አላሳመነኝም። ጎመንም ሰናፍጭም ሲቆረጡ ወይም ሲነከሱ አይሶታዮሳያኔት የተባለ መርዛማ ኬሚካል ያመነጫሉ፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ብዙ ተህዋስያንን ይገድላል፣ አልክድም። አበስባሹ ባክቴሪያ ፔክቶባክቴሪየም ግን ሳክስኤ የተባለ ኢንዛይም ታጥቋል፤ መርዙን ሰባብሮ ያመክነዋል። ቀጥሎም ሕዋሳትን እርስ በርስ ያጣበቀውን ፔክቲን ያሟሟል። በአራት ኪሎ ጉሊቶች ጣት የሚያሰምጠውና የሚከረፋው ጎመን ብዙ ጊዜ የዚሁ ባክቴሪያ ሥራ ነው። ጠላት አስቀድሞ የለመደውን መርዝ መልሶ መርጨት ምን ይባላል? እርጥበቱ ደግሞ ይብስበታል። ባለጉሊቶቹ የተበላሸውን ነጥለው፣ የቀረውን ሳያረጥቡና በፌስታል ሳያፍኑ ነፋሻ ቦታ ቢያቆዩት ይሻላቸዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ