ለቤት መምቻ ብለሽ ቃልሽን አትሽጪ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ግጥሞች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ምስሎችሽ ልብ ይነካሉ። ቤት አመታትሽ ላይ ግን የምነግርሽ አለኝ።

በአንደኛው ግጥም ስንኙን «ሰማይ» ብለሽ ዘጋሽ። ቀጥሎ «ስቃይ» መጣ። ግጥሙ እስከዚያ ድረስ የደስታ ነበር። ታዲያ ስቃዩ ከየት መጣ? ከ«ይ» ነዋ! ቤት መድፊያው ሐሳብሽን ጎትቶ ወሰደው። አንባቢ ደግሞ እንዲህ ያለውን ወዲያው ይነቃበታል።

እንዲህ ሲገጥምሽ ከታች ወደ ላይ ሥሪ። ከልብሽ የምትፈልጊውን ቃል ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ አስቀምጪ። ከዚያ የሚገጥመውን ለላይኛው ፈልጊለት። አንባቢው ላይኛውን ሲያነብ ምን እንደሚከተል ገና አያውቅም። ስለዚህ ተፈልጎ የመጣ ቃል እዚያ ቢቀመጥ ብዙም አያስታውቅም።

አሁን ወደ ምጣኔው። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን ነው። ቀለም፣ ማለትም ቃሉ ሲነገር የሚሰማውን ክፍለ ቃል፣ ስትቆጥሪ ጆሮሽን እመኚ፤ አናባቢ የማይሰማበት ሳድስ ለብቻው አይቆጠርም። የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ በአንድ ሐረግ፣ ማለትም በግማሽ ስንኝ፣ 6፣ በስንኝ 12 ቀለም አለው። ይህችን ለአንቺ ብዬ ገጠምኳት፦

ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ ተነሳ፣
የሞተው ዘር ሁሉ ሞቱን እየረሳ።

ይኸው ሐሳብ በቡሄ በሉ ቤት፣ ማለትም በ4 በ4 ሲሆን ደግሞ፦

ዝናብ መጣ ዘሩ ነቃ፣
የመጠበቅ ዘመን በቃ።

ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። የመጀመሪያው ያዘግማል፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው ያስጨበጭባል። ዝናቡ ያው ነው፤ ስሜቱን የለወጠው የሐረጉ ርዝመት ነው። በመካከላቸው ሰንጎ መገን አለ፣ 5 በ5። እሱንም ሞክሪው።

ዘሩ ሞቱን ረሳ ያልኩት ሰውኛ ዘይቤ ነው። መርሳት የሰው ስለሆነ አንባቢው ሳይታወቀው ራሱን ዘሩ ውስጥ ያገኛል። «እንደ ሰው ረሳ» ብዬ በአነጻጻሪ ብጽፈው ኖሮ ግን ይቀዘቅዝ ነበር። «እንደ» የምትለዋን ቃል አብዝተሽ ትጠቀሚያለሽ፤ ግማሾቹን አውጫቸው።

ሰምና ወርቅ ላይ አትቸኩዪ። «ፍቅር ፈታኝ» የሚለውን እዪ። አንዱ አንባቢ ፍቅር ፈተና ነው ብሎ ያነበዋል። ሌላው ፍቅር ከእስሬ ፈታኝ ብሎ ይሰማዋል። ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል፣ ዋጋ የሚኖረው ሁለቱም ትርጉም ለግጥሙ እውነት ሲሆን ነው። ያለዚያ የቃላት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

የሌሎችንም ቅርጾች አንብቢ። የጃፓኑ ሃይኩ በ5፣ በ7፣ በ5 ቀለም ያልቃል፤ ቤት መምታት አያስፈልገውም። የጣሊያኑ ሶኔት 14 ስንኝ አለው። በመጀመሪያዎቹ 8 ስንኞች ጉዳዩን ያነሳል፣ በቀሩት 6 ሐሳቡን ያዞራል። ያቺን መታጠፊያ ልብ በያት፤ ረጅም ግጥም ስትጽፊ ትጠቅምሻለች።

ስለ መለያየት የጻፍሻት ግጥም በ4 በ4 ሆና ትሮጣለች። መለያየት ግን እንደዚያ አይሮጥም። እስቲ በወል ቤት እንደገና ጻፊያትና ላኪልኝ።

እናትሽ