በድራማው ላይ ከመፈረዱ በፊት ተመልካቹ በወጉ ይቆጠር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ዘንድሮ በአንድ የሳተላይት ጣቢያ መታየት የጀመረና ገና አምስተኛ ክፍሉ ላይ የደረሰ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ጉዳዩ የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሦስተኛው ክፍል በታየ ማግስት «ድራማው ከሸፈ፤ ተመልካች አጣ» የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ተናፈሰ፤ ማስረጃ ተብሎ የቀረበውም ሦስተኛው ክፍል ዩቲዩብ ላይ ያገኘው እይታ ከመጀመሪያው በግማሽ ያህል ማነሱ ነው። አምስተኛው ክፍል ሲመጣ እስከዚያ ድረስ ረጋ ብሎ ይሄድ የነበረው ታሪክ በአንድ ምሽት ጠለፋ፣ የመኪና አደጋና ተደብቆ ያደገ ልጅ ታጭቆበት ቀረበ። ለብዙ ዓመታት ድራማ ስከታተል እንደኖረ ሰው፣ ይህ ለውጥ ከታሪኩ የመጣ ሳይሆን ድንጋጤ የወለደው ነው ብዬ አምናለሁ።

እስቲ ያ ቁጥር ምን እንደሚቆጥር ከራሴ ቤት ልጀምር። ድራማው በሚታይበት ምሽት ሳሎናችን ውስጥ የሚቀመጡት የ74 ዓመት እናቴ፣ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ ቤት የምታግዘን ልጅ፣ እንዲሁም ቴሌቪዥናቸው ከተበላሸ ወዲህ በየሳምንቱ የሚመጡት ጎረቤታችን እትዬና የልጅ ልጃቸው ናቸው። ስምንት ሰው በአንድ ዲሽ ያያል። ቡና ከተፈላ ደግሞ ከዚያም እንበዛለን። ከእኛ መካከል ድራማውን ዩቲዩብ ላይ የሚከፍት ማንም ስለሌለ፣ እይታን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ይህ ሁሉ ቤተሰብ የለም ማለት ነው።

በአራተኛው ክፍል አንዲት እናት ምስር እየለቀመች ሳለ ልጇ የቤተሰቡን ቦታ በድብቅ መሸጡ ይነገራታል። ቀና አትልም፤ ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንደያዘች አንድ ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ድንጋዩን ከምስሩ መለየቷን ትቀጥላለች፤ የሚሰማውም ጠጠሩ ሳህን ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። አስተያየት ሰጪዎች ይህን ትዕይንት «ተንዛዛ»፣ «ደቂቃ መሙያ» ብለው አብጠለጠሉት። እናቴ ግን የያዘችውን ስኒ ረከቦቱ ላይ መልሳ፣ «እንዲህ ነው፤ እጅ ሥራ ካልያዘ ሰው ያብዳል» አለች። እትዬም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አየኋቸው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ስልክ ላይ አስተያየት አይጽፉም። ደራሲው ያንን አንድ ደቂቃ የጻፈላቸው ግን ለእነሱ ነበር፤ ደርሷቸዋልም።

በሌላ በኩል ዩቲዩብ የሚቆጥራት እህቴ ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። ዕረፍት የምታገኘው ዓርብ ስለሆነ፣ ያመለጧትን ክፍሎች ሁሉ በአንድ ቀን አከታትላ ታያለች። አንዳንዴ አሠሪዎቿ እንግዳ ሲኖራቸው ዓርቡም ያልፋታል፤ ያን ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጠራቅሞ ይቆያል። እሷን የመሰሉ በየዓረብ አገሩ ያሉ እህቶቻችን ስንት እንደሆኑ አንባቢ ያውቃል። ድራማው በተጫነ በሁለተኛው ቀን «እይታው ወረደ» ብሎ የሚፈርድ ሰው እነሱን ሳይጠብቅ ነው የፈረደው። በዚያ ላይ ቁጥሩ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከዋሽንግተን ወይም ከቤይሩት ለሁላችንም አንድ ላይ ተደምሮ ስለሚታይ፣ ለአገር ውስጥ ሳሙና ወይም የምግብ ዘይት ማስታወቂያ ለሚከፍል ድርጅት ገበያው የት እንዳለ አይነግረውም።

የጣቢያዎቹ ጭንቀት መሠረት የለውም እያልኩ አይደለም። «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሚታይበት ዘመን ተመልካች የሚቀያይረው ብዙ ጣቢያ አልነበረውም፤ አስናቀ የተባለው ገጸ ባሕርይ ክፋት በማግሥቱ በታክሲ ውስጥና በየመሥሪያ ቤቱ ሻይ ቤት መወያያ ሲሆን መስማት ለአዘጋጆቹ በቂ መለኪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው በዛ። ቃና የተባለው ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችን ተነጠቀ ብለው የተቃወሙበት ጊዜም የቅርብ ትዝታ ነው። ከባዱ ምት ግን ከሕጉ በኩል የመጣው ይመስለኛል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲያግድ፣ ድራማዎቻችንን ስፖንሰር ያደርጉ ከነበሩት መካከል ግንባር ቀደም የነበሩት ቢራ ፋብሪካዎች ከስክሪኑ ወጡ። አዋጁን አልቃወምም፤ ልጆች ባሉበት ሳሎን ውስጥ የቢራ ማስታወቂያ ባለመኖሩ እንደ እናት ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ የተዋናይ፣ የካሜራና የመብራት ባለሙያ ክፍያ፣ የቦታ ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ እንደነበረ አለ፤ ብዙ ፕሮዲውሰሮች ደግሞ የአየር ሰዓቱን ራሳቸው ገዝተው ማስታወቂያውን ራሳቸው አፈላልገው ነው የሚሠሩት። እንዲህ ባለ ጠባብ ገንዘብ የሚሠራ ሰው ስፖንሰሩ ደውሎ «እይታችሁ ለምን ወረደ?» ሲለው የሚመልሰው ነገር በእጁ ስለሌለው፣ የታሪኩን አቅጣጫ ቢቀይር አይፈረድበትም።

ተመልካቹም ቢሆን ዝም ይበል አልልም። ከተሰጡት አስተያየቶች ውስጥ እኔም የምፈርምባቸው አሉ። የጀርባው ሙዚቃ ንግግሩን ይውጠዋል፤ እናቴ ሁልጊዜ «ምን አለች?» እያለች ትጠይቀኛለች፣ እኔ ስመልስላት ደግሞ የሚቀጥለው ያመልጠናል። ገጸ ባሕርይዋ ከወሎ ገጠር የመጣች ተብላ ሳለ የምትናገረው የቦሌ ልጅ አማርኛ ነው። ማስታወቂያውም ሰው አፉን ከፍቶ መልስ በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ይገባል። እነዚህ ሁሉ ሊታረሙ የሚችሉ፣ አዘጋጆቹም ሊሰሟቸው የሚገቡ ቅሬታዎች ናቸው። ነገር ግን «ድምፁን አስተካክሉ» የሚል ተመልካችና «ይሄ ከሽፏል፣ አትድከሙ» የሚል ተመልካች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሥራው እንዲሻሻል ይፈልጋል፤ የሁለተኛው አስተያየት ግን የሚያገለግለው መዘጋቱን ብቻ ነው። በክፋትም ሆነ በትዕግሥት ማጣት፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ደምሮ «የተመልካች ምላሽ» ብሎ መጥራት ድራማውን ይጎዳል።

ችግሩን የሚያባብሰው እኛ ዘንድ ሁሉም ወገን የሚቀበለውና በይፋ የሚወጣ የተመልካች ቆጠራ አለመኖሩ ነው። በደቡብ አፍሪካ በናሙና በተመረጡ ቤቶች ቴሌቪዥን ላይ መለኪያ መሣሪያ ይገጠማል፤ ቤተሰቡ ቁልፍ በመጫን ከስክሪኑ ፊት ማን ማን እንደተቀመጠ ያስመዘግባል፤ የብዙ ተመልካች ፕሮግራሞች ዝርዝርም በየወሩ ለሕዝብ ይወጣል። እዚያ አገር ስምንት ሰው ያለበት ሳሎን ስምንት ሆኖ ይቆጠራል። መሣሪያው ውድ መሆኑ ይገባኛል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈርም አስቸጋሪ ይሆናል። ቢሆንም በስልክ ወይም ቤት ለቤት በመሄድ የሚደረግ መጠይቅ ከአቅማችን በላይ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጥናት የሚያሠራ ጣቢያ ቢኖር እንኳ ውጤቱን ለማስታወቂያ ክፍሉ ብቻ ይዞ ከማስቀመጥ በጋራ ቢያሠሩትና ቢያወጡት ሁሉም ይጠቀማል፤ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ጣቢያዎቹን ሰብስቦ ማነጋገር የሚከብደው አይመስለኝም።

ይህን ያህል የምጨነቀው አንድ ጊዜ ስለደረሰብን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቤታችን ሁላችንም የምንወደው ሌላ ድራማ ነበር። አንድ ሳምንት በሰዓቱ ተሰብስበን ስንጠብቅ የሙዚቃ ክሊፕ መጣ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ጣቢያው ይቅርታም ሆነ ማብራሪያ ሳይሰጥ ድራማው እንደወጣ ቀረ። በመጨረሻው ክፍል አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት የሆስፒታል በር ላይ ቆማ ነበር፤ እናቴ እስካሁን «ያቺ ልጅ ወለደች ይሆን?» ትለኛለች። በኋላ ከወሬ የሰማነው «ተመልካች አልነበረውም» የሚል ነው። እኛ ግን ነበርን።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ለጣቢያዎቹ እንዲያቀርብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንድ ድራማ የሚመዘነው ከስንተኛው ክፍል በኋላ እንደሆነ፣ በዲሽ የሚያየውን ቤተሰብ በምን መንገድ እንደሚቆጥሩት፣ ድራማ ለማቋረጥ ሲወስኑም አንድ ሳምንት አስቀድመው ለተመልካቹ ለመናገር ፈቃደኛ መሆን አለመሆናቸውን ይንገሩን። መልሳቸውን በጋዜጣችሁ ካወጣችሁት፣ መነጽራቸውን ሳያጡ አይቀሩምና፣ ለእናቴና ለእትዬ እኔ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የድራማ ተመልካች፣ ከአዲስ አበባ