ጊታሩን የመታው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በሙዚቃ ገጻችሁ «ሁዱ ማን ብሉዝ» ስለተባለው የአሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝ የጁኒየር ዌልስ አልበም፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና ተዘጋጅቶ ስለወጣው እትም አንባቢያን የሰጡትን አስተያየት አነበብኩ። ደስ ብሎኛል። እዚሁ አገር ተቀምጦ ስለ ቺካጎ ብሉዝ የሚከራከር ሰው መኖሩ ራሱ ያስደስታል። አንዱ ድምፁ ጥርት ብሏል ይላል። ሌላው የድሮው ሸክላ ለዛ ጠፍቷል ባይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በዘፈኖቹ መሃል የገባው የስቱዲዮ ወሬ ለምን አልተቆረጠም ብሎ ተቆጥቷል። ሁሉንም አንብቤ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ ጊታሩ ድምፅ ያን ሁሉ ሲጻፍ፣ ጊታሩን ስለመታው ሰው አንድ መስመር እንኳ የጻፈ የለም። የዚህ አልበም ትልቁ ታሪክ ደግሞ እሱ ነው።

አልበሙ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1965 ቺካጎ ውስጥ ነው። ያሳተመው ዴልማርክ የተባለው ኩባንያ ሲሆን ባለቤቱ ቦብ ኬስተር ነበር። ጁኒየር ዌልስ ይዘፍናል፣ ሃርሞኒካም ይነፋል። ቤዝ ላይ ጃክ ማየርስ አለ። ድራም ላይ ቢሊ ዋረን። ፒያኖ የለም፤ ሳክስም የለም። ጊታሩ አንድ ብቻ ነው። ያንን ጊታር የያዘው ያኔ የ29 ዓመት ወጣት የነበረው በዲ ጋይ ነው። ሸክላው መጀመሪያ ሲወጣ ግን ሽፋኑ ላይ ስሙ አልነበረም። በምትኩ «ፍሬንድሊ ቻፕ» የሚል የፈጠራ ስም ተጻፈ። በዲ ጋይ ቼስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ውል አለበት ተብሎ ስለታሰበ ነው። ሰውየው ተደበቀ፤ ድምፁ ግን በየቤቱ ገባ። ስሙ በትክክል የሰፈረው በኋላ በታተሙት ላይ ነው።

እንግዲህ እንደገና ማሳተም ማለት ለእኔ መጀመሪያ ይህ ነው። ድምፅ ማጥራቱ ቀጥሎ ይመጣል።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ አምፕሊፋየርና ራዲዮ እጠግናለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆችን ጊታር አስተምራለሁ። በሥራዬ ምክንያት ከዚህ አልበም በጣም የምወደው የአምፕሊፋየሩን ታሪክ ነው። በቀረጻው መሃል የበዲ ጋይ አምፕ ተበላሸ። ይህ ነገር ለሙዚቀኛ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሠርግ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው አምፕ ተሸክመው እየሮጡ የሚመጡልኝ ልጆች አሉ። ፊታቸው ደም አይኖረውም። አንዳንዴ ፊውዝ ነው፣ አንዳንዴ ኮንደንሰር፣ ብዙውን ጊዜ ግን የላላ ጃክ ነው። በዚያን ቀን ቺካጎ ውስጥ የድምፅ ባለሙያው ስቱ ብላክ ቀረጻውን አላቆመም። አምፑ እስኪጠገን ጊታሩን ከሃሞንድ ኦርጋን ሌዝሊ ስፒከር ጋር አገናኘው።

ሌዝሊን ለማታውቁት ላስረዳ። ቁም ሳጥን የሚያህል የእንጨት ሳጥን ነው። ውስጡ ከላይ እንደ መለከት አፉ የሰፋ ቀንድ አለ፣ ከታች ደግሞ ከበሮ መሰል ነገር። ሁለቱም በሞተር ይሽከረከራሉ። ቀንዱ ወደ አንተ ሲዞር ድምፁ ይቀርብሃል፣ ፊቱን ሲያዞር ይርቅሃል። ስለዚህ ድምፁ ይወዛወዛል። የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን ስትሰሙ ጊታሩ ውኃ ውስጥ ያለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ለስንት ዓመት ጊታረኞች የቀኑበት ድምፅ የተገኘው በዲ ጋይ ባልታደለበት፣ አምፕ በተቃጠለበት ሰዓት ነው። ልብ በሉ፤ ገመዱን የቀየረው ባለሙያ ስም ሳይቀር ይታወቃል።

የስቱዲዮው ወሬ ይቆረጥ ላሉት ወንድሜ፣ በእኔ እምነት የ2011ዱ እትም ትልቅ ዋጋ እሱ ላይ ነው። ሰዎቹ ሲነጋገሩ፣ ጀምረው ሲያቆሙ፣ እንደገና ሲሞክሩ ይሰማል። ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የማሰማቸው ያንን ክፍል ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ተቆርጦ የተቀጠለ ሙዚቃ ብቻ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸው። አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጦ ይህን ሠራ ስላቸው አያምኑኝም። ሲሰሙት ያምናሉ።

ስለ ድምፅ ማጥራቱ ብዙ አልልም። ሽሽሽ የሚለው የቴፕ ድምፅና የድራሙ ጸናጽል ጥራት አንድ ቦታ ላይ ነው ያሉት፣ በጣም ቀጭኑ ድምፅ ላይ። አንዱን አጥብቀህ ስትጠርግ ሌላው አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ሽሽታ ቢቀር አይገድልም።

አልበሙን ሱቄ ውስጥ በትልቁ ስፒከር ከፍቼው ነበር። ሲዲው ራሱ አለኝ፤ አሜሪካ ያለች እህቴ ናት የላከችልኝ። የቅዳሜ ገበያ ቀን ስለነበር ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አንድ የመንዝ ሰው ባና ሊሸጥ መጥቶ ብርዱን ሸሽቶ ገባ። ትንሽ ሰማና «ይኼስ ያዘነ ሰው ነው» አለ፤ ቁጭ አለ። ኪቦርድ የሚጫወት አንድ የሰፈራችን ልጅ ደግሞ «ጋሼ፣ ኮርዱ ሦስት ብቻ እኮ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብሉዝ በአብዛኛው በሦስት ኮርድ፣ በ12 ባር ነው የሚሽከረከረው። ብትችል በሦስቱ እንዲህ አድርገህ አጫውተኝ አልኩት። ሞከረ። አልመጣለትም። አሁን በየሳምንቱ እየመጣ ይሰማል።

ከሁሉም ግን ያልረሳሁት ከመርሐቤቴ የመጣ አንድ አዝማሪ ነው። የማሲንቆውን ድምፅ በስፒከር የሚያወጣ ማይክ ሊያሠራ መጥቶ ነው የሰማው። ዝም ብሎ ቆየና «ዘፋኙ ይሰጣል፣ ጊታሩ ይቀበላል» አለኝ። ከዚህ የተሻለ አስተያየት ጋዜጣችሁ ላይም አላነበብኩም። ዌልስ አንድ ስንኝ ይልና ዝም ይላል። በዲ ጋይ በሁለት ሦስት ኖታ ይመልስለታል። አያጨናንቅም። አዝማሪው ማሲንቆውን አውጥቶ ክሩን ከሲዲው ጋር አስተካከለና አብሮ ገባ። የገባው በባቲ ቅኝት ነው። ባቲ ማይነር ውስጥ ያሉት አምስት ድምፆችና ጊታረኞች የብሉዝ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸውና ገጠመለት። ብሉዝ ከእኛ ሄደ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልልም። ብሉዝ የራሱ አገር፣ የራሱ መከራ አለው። በዲ ጋይ የሉዊዚያና ጭሰኞች ልጅ ነው። ድምፆቹ አንድ ሆኑ ማለት አባታቸው አንድ ነው ማለት አይደለም። የሆነው ሆኖ የመርሐቤቴው ሰው እጁ አልሳተም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ቀድሞ የጠየቀኝ «ጊታር መቺው ማን ይባላል?» ብሎ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም እኛ አገር ጥያቄው መልስ የለውም።

ጊታር ያስተማረኝ ሰው በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ሊድ ጊታር ይጫወት ነበር። ጊታር ከመያዙ በፊት ከዘይት ጣሳና ከሳይክል ፍሬን ሽቦ የሠራውን ክራር ይመታ ነበር። ስለዚህ ጊታሩንም በአውራ ጣቱ ነበር የሚመታው፣ እንደ ክራር። ከጣርማ በር ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በሙቀቱ ክሩ ሁሉ ይላላል። እሱ መድረክ ላይ ዘፈኑን ሳያቋርጥ በግራ እጁ ቁልፉን እያጠበቀ ይቃኘው ነበር። በ1970ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ ሄዶ ከአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ጋር ካሴት ሠራ። ካሴቱ ያኔ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ዛሬም ሠርግ ላይ ይዘፈናል። የሁለተኛውን ገጽ መክፈቻ ጊታር አፉን ያልፈታ ሕፃን ሳይቀር ያዜመዋል።

የድሮው ካሴት ሽፋን አሁን ፊቴ ነው ያለው። ዘፋኙ ነጭ ኮት ለብሶ የፕላስቲክ አበባ አጠገብ ቆሟል። ከጀርባው የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ የሙዚቃ ቤቱ ስልክ፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ሙዚቃውን ማን እንደሠራው የሚናገር አንዲት ቃል የለችም። ይህንን ያኔ አልፈርድበትም። ወረቀቱ ጠባብ ነው፣ ልማዱም እንዲያ ነበር።

የሚያንገበግበኝ አዲሱ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን በቅርቡ በሲዲና በዩቲዩብ በአዲስ መልክ አወጣው። ሽፋኑ በቀለም አሸብርቋል። ድምፁን ያጠራው ሰው ስም አለ። የሽፋኑ ዲዛይነር ስም ከነስልኩ አለ። የጊታረኛው ስም የለም፤ የቤዙም፣ የድራሙም የለም። ደወልኩ። ስልክ ያነሳው ልጅ በትሕትና «ጋሼ፣ ያኔ እነማን እንደተጫወቱ አናውቅም» አለኝ። እኔ አውቃለሁ፣ አራቱንም ልንገርህ አልኩት። «እንግዲህ ታትሞ አልቋል» አለ። ሲዲው ታትሞ አልቆ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል። እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። መምህሬ አርፏል። የልጅ ልጁ ትምህርት ቤት «ይህን ጊታር የመታው አያቴ ነው» ሲል ማን ይመነው? የሚያሳየው ወረቀት የለውማ።

የመምህሬን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ልጆቹ ስለጠየቁኝ ነው። መጀመሪያ መጻፍ ያለበት አልበሙ ላይ ነው ብለዋል። ልክ ናቸው።

ይህ ሥራ ይቻላል፤ ተሠርቶም አይተነዋል። የማሕሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው። በዚያ ባንድ ጊታር ላይ ሰላም ስዩም፣ ቤዝ ላይ ጆቫኒ ሪኮ እንደነበሩ ዛሬ የሙዚቃ ወዳጅ ሁሉ ያውቃል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል የድሮ ሙዚቃችንን በተከታታይ ሲያሳትም ከእያንዳንዱ ሲዲ ጋር መጽሔት መሳይ ጽሑፍ ያኖር ነበር። ማን ተጫወተ፣ መቼ ተቀረጸ፣ ማን አሳተመ የሚለውን ከዚያ ነው ብዙዎቻችን የተማርነው። ከፈረንሳይ የመጣ ሰው በየቤቱ እየዞረ ጠይቆ ያገኘውን፣ መርካቶ ያለ ሙዚቃ ቤት አንድ ስልክ ደውሎ ማግኘት እንዴት ያቅተዋል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ቢሆን መብት የሰጠው ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ብቻ አይደለም። የተጫወተውም ሰው መብት አለው። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ግን መብቱን ይዞ የት ይሄዳል?

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ነገር እለምናለሁ። በሙዚቃ ገጻችሁ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ስጡን። በየሳምንቱ የአንድ የድሮ ካሴት ሽፋን ፎቶ ይውጣ። ሥሩ «ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ኦርጋን፣ ሳክስ» ተብሎ ባዶ መስመር ይተው። የሚያውቅ አንባቢ ይጻፍላችሁ። ከሁለት ሰው ያልመጣውን አታትሙ፤ በስህተት የሰው ሥራ ለሌላ ሰው መስጠትም ሌላ በደል ነው። በኪነት ቡድኖችና በሆቴል ባንዶች ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ደሴም፣ ሐዋሳም፣ ድሬዳዋም አሉ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ግን ማን ምን እንደመታ አልረሱም። እዚህ ሰሜን ሸዋ ያሉትን፣ ከአረርቲ እስከ መሐል ሜዳ፣ እኔ ጠይቄ እልካለሁ።

ለመጀመሪያው እንዲሆናችሁ የመምህሬን ካሴት ሽፋን በሁለቱም በኩል ፎቶ አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። የአራቱን ተጫዋቾች ስም በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ። ድራመሩ በሕይወት አለ፤ አይቶት ትክክል ነው ብሎ ፈርሞበታል። ሙዚቃ ቤቱ ስሞቹን ካስገባ በኋላ እናንተም አውጡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አምፕሊፋየር ጠጋኝና የጊታር አስተማሪ
ደብረ ብርሃን