ያንኑ ቃል ደግሞ

ውድ ልጄ፣

"እማ፣ ማታ ማታ የምጸልየው ያው አንድ ነገር ነው። እኔ ራሴ ሰልችቶኛል፣ እግዚአብሔርን አይሰለቸውም?" ብለሽኝ ነበር። በስልክ ስለማያመች ይኸው ጻፍኩልሽ።

ማቴዎስ 26ን ክፈቺ። ጌታ በጌቴሴማኒ ነው። ደቀ መዛሙርቱ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ቁጥር 44 ላይ "ሦስተኛም ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ" ይላል። ቃል አጥሮት ነው እንዳትይ። የጨነቀው ሰው ንግግር አያሳምርም። አንቺ ልጅ ሆነሽ ትኩሳት ይዞሽ ሌሊቱን ስትቃጠዪ፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባርሽ ላይ እየቀያየርኩ ከ"ማርልኝ" ሌላ የወጣኝ ቃል አልነበረም።

ማቴዎስ 6 ላይ "በከንቱ አትድገሙ" የሚለውስ ትይኝ ይሆናል። እዚያ የተነቀፉት ቃል ባበዙ ቁጥር የሚሰሙ የሚመስላቸው ናቸው። አንቺ ቃል እየቆጠርሽ አይደለም፤ ልብሽ እዚያው ስለቀረ ነው የምትመላለሺው።

የሉቃስ 18ቷ መበለትም ዳኛው ዘንድ እየተመላለሰች የምታቀርበው አንድ አቤቱታ ነው፤ "ከባላጋራዬ ፍረድልኝ"። አንዳንዱ ሰው ይህን ይዞ እግዚአብሔርን ነዝንዘን እጁን የምንጠመዝዘው ሲያስመስለው ያናድደኛል። ዳኛው እኮ ዓመፀኛ ነው! እሱ እንኳን ከፈረደ፣ የሚወድሽ አባት እንዴት አይሰማሽም ነው ነገሩ።

ከሁሉ ግን ልጅ አጥታ የነበረችውን ሐናን አስቢያት (1 ሳሙኤል 1)። በየዓመቱ ከቤተሰቧ ጋር ለመስገድ ወደ ሴሎ ይወጣሉ፣ በየዓመቱ ጣውንቷ ፍናና ታበሳጫታለች፣ እሷም አልቅሳ ምግብ ትተዋለች። አንድ ጊዜ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ ስትጸልይ፣ ካህኑ ዔሊ አያትና ሰክራለች አለ። (ካህንም ይሳሳታል፤ ሰው ጸሎትሽን ባይረዳልሽ አይክፋሽ።) እሷም ሰካራም አይደለሁም፣ ልቤን በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰሴ ነው አለችው። እሱም መርቆ በደኅና ሂጂ አላት። ከዚያስ? ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ልብ በዪ፣ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም። እጇ ላይ ምንም የለም። ሁሉም የሚያወራው የሳሙኤልን መወለድ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ መብላቷ ነው።

የለመነ ሁሉ የለመነውን ያገኛል ብዬ አልዋሽሽም። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኖ የተመለሰለት "ጸጋዬ ይበቃሃል" የሚል ነው። በሌላ በኩል ሞኒካ ኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር ለሆነው ልጇ ለአውግስጢኖስ ዓመታት አልቅሳ፣ በ387 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ሚላን ውስጥ ሲጠመቅ አይታለች። ለምን ለአንዱ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ? አላውቅም። ማን ዘንድ እንደምጮህ ግን አውቃለሁ።

በተረፈ ራስሽን አታስጨንቂ። ደክሞሽ ከገባሽ ስልክሽን ራቅ አድርጊና አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ በያት። ዕቃ እያጠብሽም ቢሆን ይቻላል፣ እጅሽ አረፋ ውስጥ ሆኖ። ጸሎት ላይ እንቅልፍ ቢወስድሽም ያው አባትሽ ፊት ነው የተኛሽው። ጭራሽ ቃል የጠፋብሽ ቀን ደግሞ መዝሙር 13ን አንብቢ፤ "እስከ መቼ" እያለ ነው የሚጀምረው።

የምትጸልዪበትን ጉዳይ ዝርዝሩን ባትነግሪኝ ቅር አይለኝም። ለሰው ከሆነ ግን ስሙን ብቻ ላኪልኝ፤ ማታ እኔም አብሬሽ እጠራዋለሁ።

እናትሽ