የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ የሎሚ ውሃና ሁለት ከረጢቶች

ክበባችን ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ሲሰበሰብ ከርሟል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ችግኝ ተክለናል፤ የጥያቄና መልስ ውድድርም አካሂደናል። እኔ ግን ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ፕላሲቦ በሽተኛን ማታለል ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ፕላሲቦ ማለት መድኃኒት መስሎ የሚሰጥ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ነገር ነው። ግማሹ ክበብ «የሐሳብ ጉዳይ ብቻ ነው» ሲል መለሰላት። «ብቻ» የምትለዋ ቃል አላስቀመጠችኝም። የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ያንሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ቫንኩቨር፣ ካናዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች መድኃኒት ሊሆን ይችላል ብለው የጠበቁት ባዶ መርፌ ሲወጉ የገዛ አንጎላቸው ዶፓሚን ሲለቅ በምስል ታይቷል። ይህንን ሰሌዳው ላይ ስስል ጫጫታው ቆመ። ጠበልን የተመለከተ ጥያቄም ተነሥቶ ነበር፤ እርሱን ለሃይማኖት አባቶች ትቼዋለሁ።

ልጆቹን ይበልጥ የማረካቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት ነው። ያገኘነው ከጠበቅነው ሲበልጥ ዶፓሚን ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ዝቅ ይላል፤ አንጎል የሚያዋጣውን ምርጫ የሚለየው በዚህ ነው። በዚያ ጥናት መድኃኒት የወሰዱ የመሰላቸው የፓርኪንሰን ሕመምተኞች የሚያሸልመውን ምርጫ መለየት ቀለላቸው። ገንዘብ ከሚያሳጣው ምርጫ መሸሽን በመማር ረገድ ግን ፕላሲቦውም እውነተኛው መድኃኒትም ለውጥ አላመጡም። የሐሳብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም በረዳ ነበር ብዬ ተከራከርኩ።

የራሳችንን ሙከራም ሞከርን። በአንዱ ከረጢት 8 ባቄላና 2 አተር፣ በሌላው 2 ባቄላና 8 አተር ጨመርን። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳያዩ አንድ ፍሬ አውጥተው ይመልሳሉ፤ ባቄላ ያወጣ ከረሜላ ያገኛል። ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ሎሚ ጠብ የተደረገበት ውሃ ይጠጣሉ፤ ለግማሾቹ ግን «አእምሮ ያነቃል» ይባላል። በሦስተኛው ሐሙስ ሁለቱን ጆግ ከአንድ ቧንቧ ስሞላ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አየኝ። በማግስቱ የሰልፍ ሰዓት ወሬው ግቢውን አዳርሶ ነበር፤ ሙከራው በዚያው ተበላሸ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቹን መዋሸታችን ተገቢ ነበር ወይ በሚለው ላይም የክበቡ አባላት ሁለት ሐሙስ ሙሉ ተከራክረው አልተስማሙም።

ያየኝ ልጅ ግን በሳምንቱ መጥቶ «የሚያነቃው አለ?» አለኝ። ቀዳሁለት።

ከረጢቶቹ ለከርሞው በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ተቀምጠዋል። ከረሜላው አልቋል።